የአያትዎ ካሜራ፦ በስሙ ብቻ አይፍረዱ

«ደሴ ፎቶ ቤት ከነበራቸው አያቴ 'ዘይስ ኢኮን' የሚል ታጣፊ ካሜራ ወርሻለሁ፤ የትና መቼ ተሠራ? ዛሬስ ፊልም ይገኝለታል?» ላሉት ወንድማችን፦

ቆዳው ላይ ያለው ስም ካሜራውን የገጣጠመውን ድርጅት ይነግርዎታል እንጂ ሁሉንም ዕቃ የሠራውን አይደለም። ዘይስ ኢኮን ራሱ የውህደት ልጅ ነው፤ ኢካ፣ ኤርነማን፣ ጎርዝና ኮንቴሳ ኔትል በ1926 (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቀላቅለው ድሬስደን ላይ መሠረቱት። ስለዚህ ካሜራዎ ከዚያ አይቀድምም። በሌንሱ ዙሪያ «ኮምፑር» ካለ መዝጊያው (ብርሃን ወደ ፊልሙ ለቅጽበት የሚያስገባው ክፍል) የሙኒኩ ዴክል ሥራ ነው፤ «ፕሮንቶር» ካለ የካልምባኩ ጎቲየር። «ሽቱትጋርት» የሚል ካገኙ ደግሞ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራ ነው፤ ድሬስደን በሶቪየቶች እጅ ስትወድቅ ድርጅቱ በምዕራብ ጀርመኗ ሽቱትጋርት እንደገና ቆመና እስከ 1972 ካሜራ ሠራ።

እኔ ብሆን ግን ከካሜራው ይልቅ አያትዎ የተዉትን የኔጋቲቭ ሳጥን አስቀድሜ እከፍት ነበር። ፎቶ ቤቱ ፊልሙን ከማን ይገዛ እንደነበር ጠርዙ ላይ ተጽፏል፦ ኮዳክ፣ አግፋ፣ የጣሊያኑ ፌራኒያ። «ኦርዎ» የሚል ካለ ከ1964 ወዲህ የተነሣ ነው፤ በምሥራቅ ጀርመን የቀረው የቮልፈኑ የአግፋ ፋብሪካ ይህን ስም የያዘው በዚያ ዓመት ነውና። ፎቶግራፉ ላይ ቀን ባይጻፍም ዘመኑን እንዲህ ማጥበብ ይቻላል። ኔጋቲቮቹን እባክዎ አይጣሉ!

ፊልም ይገኛል። ኮዳክ በ1901 ያወጣውን 120 የተባለውን ጥቅል ኮዳክ፣ ኢልፎርድና ፎማ ዛሬም ያመርቱታል። ውስጡ የቀረው መጠቅለያ ቀጠን ካለ ግን 620 ሊሆን ይችላል፤ እርሱን ኮዳክ በ1995 አቁሟል። የፊልሙ ወርድ አንድ ስለሆነ 120ውን በጨለማ በ620 መጠቅለያ ላይ መልሶ መጠቅለል ይቻላል።

የደሴ ጉምና ብርድ ለሌንስ ጠላት ነው። በቆዳ ማኅደሩ አያስቀምጡት፤ ቆዳው እርጥበት ይዞ ሻጋታ ያበቅላል። መዝጊያው ከተጣበቀም «ዘይት ጠብ አድርግበት» የሚሉ ጠጋኞችን አይስሙ፤ ዘይቱ ወደ ስስ ክንፎቹ ገብቶ ይብስበታል። ፊልም ሳይገዙ በፊት በጨለማ ክፍል ወናፉን (እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፈውን ክፍል) ዘርግተው ባትሪ ውስጡ ያብሩ። ማዕዘኖቹ ላይ እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ካዩ፣ ፊልሙን የሚያበላሸው ቀዳዳ እርሱ ነው።