ስቶክዌል ላይ የሮጠው ማን ነበር?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለንደን የምኖር የታክሲ ሾፌር ነኝ። ባለፈው እሁድ ከጽዋ ማኅበራችን በኋላ ቡና ላይ ተቀምጠን ወሬው በ2005 (እ.ኤ.አ.) ወደደረሰው የለንደን ሽብር ሄደ። አንዱ ወዳጃችን «ያ ስቶክዌል የባቡር ጣቢያ የተገደለው ብራዚላዊ እኮ ፖሊስ ቁም ሲለው ሮጧል። የቲኬቱን በር ዘሏል። በበጋ ወፍራም ጃኬት ለብሶ ነበር። ባይሮጥ ኖሮ ማን ይነካው ነበር?» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። 17 ዓመት የሞላው ልጄ ብቻ «ውሸት ነው» ብሎ ተነሳ። ማታ ቤት ስንገባ ደግሞ «አባዬ፣ ያን ጠዋት ከዚያ ሕንጻ የወጣኸው አንተ ብትሆን ኖሮ ይገድሉህ ነበር» አለኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱ የትኛው ነው? ፖሊስስ ተጠየቀበት? ልጄንስ ምን ልበለው?
አ.፣ ከክሮይደን

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ ልክ ነው። ይህን አስቀድሜ የምልህ «ሮጠ፣ ዘለለ፣ ጃኬት ለበሰ» የሚለው ወሬ ሃያ ዓመት ሙሉ ከየቡናው ላይ አልነሳ ስላለ ነው። በሰማሁት ቁጥር ያንገበግበኛል።

ሟቹ ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ ይባላል። 27 ዓመቱ ነበር። ሙያው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሚናስ ዤራይስ በሚባለው የብራዚል ግዛት፣ ጎንዛጋ ከምትባል ትንሽ ከተማ የመጣ ልጅ ነው። ጁላይ 22 ቀን 2005 ጠዋት ከቤቱ የወጣው ኪልበርን ሄዶ የተበላሸ የእሳት ማንቂያ ሊጠግን ነበር።

ጊዜውን አስታውስ። ጁላይ 7 ሦስት ባቡሮችና አንድ አውቶቡስ ፈንድተው 52 ሰዎች አልቀዋል። ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ጁላይ 21፣ ሌሎች አራት ሰዎች እንደዚያው በባቡርና በአውቶቡስ ፈንጂ ይዘው ገቡ። ፈንጂው ሳይፈነዳ ቀረ፣ ሰዎቹ ግን አመለጡ። ሼፐርድስ ቡሽ ጥለውት በሄዱት ቦርሳ ውስጥ የጂም ካርድ ተገኘ። ካርዱ ሁሴን ኦስማን ወደሚባል ሰው መራ። አድራሻው ደግሞ ተልስ ሂል፣ ስኮሺያ ሮድ ወዳለ አንድ ሕንጻ። ዣንም የሚኖረው እዚያው ነው። የሁለቱ በር የተለያየ ሆኖ የሕንጻው መግቢያ ግን አንድ ነበር።

እዚህ ጋ ቀስ ብለህ አንብብልኝ፣ ጥፋቱ ያለው እዚህ ነውና። ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት አካባቢ፣ ትእዛዝ ወጣ። ሕንጻው ይከበብ፣ የሚወጣ ሰው ሁሉ ከሕንጻው ራቅ ካለ በኋላ ባቡርም አውቶቡስም ሳይደርስ ይቁም፣ ለዚህም ታጣቂ ቡድን ይመደብ የሚል። ጥሩ ትእዛዝ ነበር። ታጣቂዎቹ ግን አልደረሱም። ዣን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲወጣ እንኳ ቦታው ላይ አልነበሩም። ከእሱ በፊት ከዚያው በር የወጡ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፣ ማንም አላስቆማቸውም። መኪና ውስጥ ተደብቆ የሚወጣውን ሰው እንዲያይና በካሜራ እንዲቀርጽ የተመደበው ወታደር ደግሞ ዣን ብቅ ባለባት ደቂቃ ሽንቱን እየሸና ነበር። ስለዚህ ያልተቀረጸና ማንነቱ በውል ያልታወቀ ሰው ተከትለው ሄዱ። ከተከታዮቹ መሐል «ይመስላል» ያለ አለ፣ «አይደለም» ያለም አለ። ወሬው የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት፣ የስኮትላንድ ያርድ መቆጣጠሪያ ክፍል ጋ ሲደርስ ግን ጥርጣሬው ተንኖ ሰውየው ተፈላጊው ሆነ።

ዣን 2 ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈረ። ብሪክስተን ላይ ወረደ። የብሪክስተን ባቡር ጣቢያ ተዘግቶ ስለነበር ወደዚያው አውቶቡስ ተመለሰ። ተከታዮቹ ይህን እንደ ማጭበርበር ቆጠሩት። የተዘጋ ጣቢያ ያጋጠመው የለንደን ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? እኔም በዚያው ሰሞን፣ በዚያው መስመር ስንቴ አድርጌዋለሁ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ይህ ሰው አጥፍቶ ጠፊ ነው ብለው ከልባቸው ካመኑ፣ ሰው የሞላው አውቶቡስ ላይ ሁለቴ እንዲወጣ እንዴት ዝም ብለው አዩት? ከሁለት ሳምንት በፊት እኮ አንዱ ፈንጂ የፈነዳው አውቶቡስ ላይ ነው። አጥፍቶ ጠፊ አይደለም ብለው ካመኑ ደግሞ ለምን ገደሉት? በኋላ ፍርድ ቤት ፖሊስን አንገት ያስደፋው ይሄው ነው። በዚህም ስናየው በዚያ፣ የሕዝቡም የዣንም ሕይወት አደጋ ላይ ወድቋል።

ስቶክዌል ሲደርስ ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ መክፈያ ካርዱን ነክቶ እንደማንኛውም ሰው ገባ። በነጻ የሚታደለውን ሜትሮ ጋዜጣ አነሳ። በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ወረደ። ባቡሩ ቆሞ ስላገኘው ፈጠን ብሎ ገባና ተቀመጠ። የለበሰው ቀለል ያለ የጂንስ ጃኬት ነው። ቦርሳ አልያዘም። ሮጠው፣ በሩን ዘለው የገቡት ዘግይተው የደረሱት ታጣቂዎች ናቸው። ተሳፋሪው ያን ግርግር አየ። ማታ ዜና ላይ ሲነገር ሯጩ ሟቹ ሆኖ ተገኘ። አንዱ የክትትል ፖሊስ ዣንን ከነክንዱ አቅፎ ያዘው። ሁለት ታጣቂዎች ሰባት ጊዜ ጭንቅላቱን፣ አንድ ጊዜ ትከሻውን መቱት።

የዓይን ምስክር ቢሳሳት አልፈርድበትም። ፊቱ ሰው ተገድሏል፣ ደንግጧል። የማልምረው ሌላውን ነው። በዚያው ቀን ፖሊስ ራሱ በመግለጫው የሟቹ አለባበስና አኳኋን ጥርጣሬውን እንዳባባሰው ጻፈ። ኮሚሽነሩ ሰር ኢያን ብሌር ግድያው ከፀረ ሽብር ዘመቻው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው ብለው ለጋዜጠኞች ተናገሩ። ገለልተኛው የፖሊስ ቅሬታ መርማሪ ቦታው ላይ እንዳይገባም ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ሰውየው ንጹሕ መሆኑ የተነገረው በማግስቱ ነው። ስለ ጃኬቱና ስለ መዝለሉ ሕዝቡ እውነቱን የሰማው ደግሞ በኦገስት አጋማሽ ነው፣ ያውም ከመርማሪው ቢሮ ሾልኮ በወጣ ሰነድ። እስከዚያ ድረስ ወሬው ሥር ሰድዷል።

ስለ ሕዝቡም ልንገርህ። ያኔ ብሪክስተን አንድ ቢሮ አጸዳ ነበር። ሬዲዮው «አንድ ተጠርጣሪ ተገደለ» ሲል እፎይ ያለ ሰው አይቻለሁ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ለሁለት ሳምንት ልጁን ባቡር ላይ ባሳፈረ ቁጥር ሆዱ ሲርድ የከረመ ነው። ፈሪ ሰው «ያዝነው» ሲሉት ማመን ይፈልጋል። ሲሳሳቱ ደግሞ «መቼም የሆነ ነገር አድርጎ ነው» ማለት ይቀለዋል፣ እንዲያ ካልሆነማ ነገ ተረኛው እሱ ሊሆን ነዋ! የወዳጅህም ነገር ይሄው ይመስለኛል።

በእኛ ሰው ላይ ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨመረ። ሁሴን ኦስማን ኢትዮጵያ የተወለደ፣ ሶማሊያዊ ነኝ ብሎ ጥገኝነት የጠየቀ ሰው መሆኑ ተሰማ። ያን ሰሞን አውቶቡስ ላይ ያየሁት አንድ የሀገራችን ልጅ አለ። ገና ሲገባ አጠገቡ ያለችው ሴት ቦታ ቀየረች። እሱ ምንም አልተናገረም። ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዚፑን እስከ ታች ከፈተው፣ ሁሉም እንዲያየው። ውስጡ የሥራ ጓንትና የምሳ ዕቃ ነበር። እንደዚያ እንደከፈተው ኬኒንግተን ድረስ ሄደ። ልጅህ የሚነግርህ ነገር እዚያ ዚፕ ውስጥ አለ፣ ወንድሜ። ሲፈልጉት የነበረው ሰው የእኛን መልክ ይመስል ነበር። የተገደለው ከሌላ ዓለም ጥግ የመጣ ጠይም ልጅ ነው።

ተጠየቁ ወይ ላልከኝ፣ ሰው አልተጠየቀም፣ መሥሪያ ቤቱ ተጠየቀ። በ2006 ዐቃቤ ሕግ የትኛውንም ፖሊስ በግሉ አልከስም አለ። የተከሰሰው የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም ነው፣ ሕጉም የሥራ ቦታ ደኅንነት ሕግ ነበር። በኖቬምበር 2007 ጥፋተኛ ተባለ። 175,000 ፓውንድ ተቀጣ፣ 385,000 ፓውንድ የክስ ወጪ ጨመረ። ከግብር ከፋዩ ኪስ ማለት ነው። ጁሪው፣ ማለትም ፍርዱን የሰጡት ተራ ዜጎች፣ ዘመቻውን የመሩትን ክሬሲዳ ዲክን በግል ጥፋተኛ አላደረጋቸውም። እሳቸውም በ2017 የለንደን ፖሊስ የመጀመሪያዋ ሴት ኮሚሽነር ሆኑ።

በ2008 የአሟሟቱ ምርመራ ተካሄደ። ዳኛው «በሕገወጥ መንገድ ተገደለ» የሚለውን ምርጫ ለጁሪው አልሰጡም። ጁሪው ግን ለቀረቡለት ጥያቄዎች የመለሰውን ለወዳጅህ አንብብለት። ፖሊሱ ከመተኮሱ በፊት «ታጣቂ ፖሊስ!» ብሎ ጮኋል? አልጮኸም። ዣን ከመያዙ በፊት ወደ ፖሊሱ ተንቀሳቅሷል? አልተንቀሳቀሰም። ፖሊሶቹ በመሐላ ከተናገሩት ይልቅ እዚያው ባቡር ውስጥ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች አመኑ። ቤተሰቡ እስከ ስትራስቡርግ ሄደ። በ2016 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ13 ለ4 ድምፅ እንግሊዝ ፖሊሶቹን ባለመክሰሷ የአውሮፓን የሰብአዊ መብት ስምምነት አልጣሰችም ብሎ ፈረደ። እኔ ከአራቱ ዳኞች ወገን ነኝ።

ሁሴን ኦስማንስ? ዣን በተገደለ በአራተኛው ቀን ዋተርሉ ጣቢያ ሄዶ ዩሮስታር ተሳፈረ። አገር ምድሩ እየፈለገው በባቡር ወጣ! ጁላይ 29 ሮም ተያዘ። በ2007 ከሦስት ግብረ አበሮቹ ጋር የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፣ ቢያንስ 40 ዓመት እንዲታሰር። ዣን ጎንዛጋ ላይ የተቀበረው ኦስማን ሮም በተያዘበት በዚያው ቀን ነው።

ልጅህን «አይዞህ፣ እኔን አይነኩኝም ነበር» አትበለው። አታውቀውም፣ እሱም አያምንህም። ይልቅ ስቶክዌል ውሰደው። ከጣቢያው ውጪ ግድግዳው ላይ የዣን ፊት በሞዛይክ ተሠርቷል፣ ከ2010 ጀምሮ እዚያ ነው። ከዚያ በፊት ለዓመታት ሰዎች አበባ፣ ሻማና የጋዜጣ ቁራጭ እየደረደሩ ቦታውን ጠብቀውታል። የጃኬቱ ወሬ ሲወራ ያላመኑ ሰዎችም ነበሩ ማለት ነው። ለቀጣዩ ጽዋ ደግሞ ልጅህን አጠገብህ አስቀምጠውና እሱ ይናገር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የ16 ዓመት ልጄን ፖሊስ መንገድ ላይ ደጋግሞ እያስቆመ ይፈትሸዋል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ?
እናት፣ ከቶተንሃም

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽ እንዳይሮጥ፣ እንዳይገፋ፣ እጁን እንዲያሳይ ንገሪው። ፍትሐዊ ስለሆነ አይደለም፣ በሕይወት ቤት እንዲገባ ነው። ሊፈትሸው የሚፈልግ ፖሊስ ስሙን ወይም ቁጥሩን፣ የየት ጣቢያ እንደሆነ፣ ምን እንደሚፈልግና በየትኛው ሕግ እንዳስቆመው መናገር አለበት። ለመፈተሽ ብቻ ከሆነ ልጅሽ ስሙንና አድራሻውን የመስጠት ግዴታ የለበትም። መኪና እየነዳ ከሆነ ግን ሌላ ነው። የፍተሻውን መዝገብ ቅጂ እዚያው ይጠይቅ፣ ካልሰጡት እስከ ሦስት ወር ድረስ መጠየቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ግን ቤት እንደገባ ሳይበላ ሳይጠጣ ይጻፈው። ሰዓቱን፣ መንገዱን፣ የፖሊሱን ቁጥር፣ ምን እንዳሉትና ምን እንደለበሰ። በአማርኛም ቢሆን ይጻፍ። ስቶክዌል ላይ የተኮሱት ፖሊሶች ቃላቸውን የጻፉት አብረው ተቀምጠው፣ እየተነጋገሩ ነው። የልጅሽ ወረቀት ከእነሱ ወረቀት እኩል ቀን ይኑረው። ቅሬታውን ለራሱ ለፖሊስ ወይም በገለልተኛው የፖሊስ ሥነ ምግባር ቢሮ በኩል ማቅረብ ይቻላል፣ ክፍያ የለውም። እንግሊዝኛ አይገታሽ፣ ሌላ ሰው ወክሎሽ ማመልከት ይችላል። ሰው ካጣሽ ለዝግጅት ክፍላችን ጻፊ፣ ደብዳቤውን አብረን እናዘጋጃለን።