የእናቴ ስልክ በነካሁት ቁጥር ይለፈልፋል፣ አልከፈትም አለኝ (መልስ)

ስልኩ አልተበላሸም። ለዓይነ ስውራን የተሠራው ስክሪን አንባቢ፣ ቶክባክ፣ ሳይታወቅ በርቶ ነው። ሁለቱን የድምፅ ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነህ 3 ሰከንድ ያህል ያዝ፤ ይህ የቁልፎች አቋራጭ ስልኩ ላይ ተከፍቶ ከሆነ ቶክባክ ይጠፋል።

እምቢ ካለህ አነካክህን ቀይር። የምትፈልገውን አንዴ ነካ አድርግ፤ ዙሪያውን መስመር ሲከበው ጣትህን አንሣና ቶሎ ብለህ ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርግ። ገጹን የምታንሸራትተው በሁለት ጣት ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ እያልክ ሴቲንግ ውስጥ አክሰሰቢሊቲ የሚለውን ከፍተህ ቶክባክን አጥፋ። የድምፅ ቁልፎቹን አቋራጭም አብረህ ዝጋው፤ አለበለዚያ ቦርሳ ውስጥ ተጭኖ ነገም ይበራል።

ጥገና ቤት ከወሰድከው ግን ፎርማት እንዳያደርጉት። የአክስቴን ስልክ ለዚሁ ችግር ሙልጭ አድርገው አጥፍተውባቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው ፎቶ በሙሉ ጠፋ።