የጎንደር አንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ወንፊቱ ስንተኛ ክፍል ላይ ነው?

ጥያቄ፤ አንድ አባት፣ ከአዘዞ

«እኔ በደርግ ጊዜ 6ኛን፣ 8ኛንና 12ኛን ተፈትኜ ነው ያለፍሁት። ትልቁ ልጄ 8ኛንና 10ኛን ተፈተነ። ትንሿ 6ኛንና 8ኛን ተፈትና አሁን 9ኛ ክፍል ናት፤ 10ኛ ላይ ግን አገር አቀፍ ፈተና የለም ተባልን። ዞረን ዞረን ወደ ድሮው ገባን ማለት ነው? ሌላውስ አገር እንዲህ ይገላበጣል?»

መልስ

በዓመት አከፋፈሉ ከሆነ፣ አዎ፣ ተመልሰናል። በእርስዎ ጊዜ 6-2-4 (6 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት መካከለኛ፣ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ) ነበር፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 8-2-2 (8 ዓመት አንደኛ፣ 2 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ፣ 2 ዓመት መሰናዶ) አደረገው፤ አሁን ደግሞ 6-2-4 ሆነ። ነገር ግን የአንድን አገር ድሮና ዘንድሮ ወይም ሁለት አገሮችን ሲያስተያዩ ቁጥሩን ለጊዜው ይተዉትና ሁለት ነገር ይጠይቁ፦ ወንፊቱ፣ ልጆችን የሚያጣራው ፈተና ማለት ነው፣ ስንተኛ ክፍል ላይ ተቀመጠ? ወንፊቱ ላይ የቀረው ልጅስ ወዴት ይሄዳል?

በ8-2-2 ዋናው ወንፊት 10ኛ ላይ ነበር። ያለፈው መሰናዶ ይገባል፣ ያላለፈው ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካል። ሙያ የወደቀ ልጅ ማረፊያ ተደርጎ መታየቱ ትልቅ ጉዳት ነበር፤ ዛሬም አልሻረም። ያም ሆኖ የልጁ ጉድለት ከ12ኛው ሁለት ዓመት ቀድሞ ይታወቅ ነበር። አሁን ከ8ኛ እስከ 12ኛ መካከል እንዲህ ያለ ማጣሪያ የለም፤ የአራት ዓመት ጉድለት ተጠራቅሞ በአንድ ሳምንት ይገለጣል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥና ኩረጃው ሲገታ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ልጆቹ በዚያ ሳምንት አልሰነፉም፤ ቀድሞ ያልታየው ነው የታየው።

ሌላውም አገር ይለውጣል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረችውን 8-4-4 ትታ ከ2017 ወዲህ 2-6-3-3-3 (2 ዓመት ቅድመ መደበኛ፣ 6 ዓመት አንደኛ፣ 3 ዓመት ዝቅተኛ ሁለተኛ፣ 3 ዓመት ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ፣ 3 ዓመት ከፍተኛ ትምህርት) እየዘረጋች ነው። ምክንያቷ የ8ኛው ክፍል ፈተና ልጆቹን ወደ ሽምደዳ አስገብቷል የሚል ነበር፤ የመጨረሻው በ2023 ተሰጠ። የቸገራት ሌላ ነው፦ 7ኛ ክፍል ወደ አዲሱ ዝቅተኛ ሁለተኛ ደረጃ ሲሻገር ልጆቹ በአንደኛ ደረጃው ግቢ ቀሩ፣ የሳይንስ መምህርና ቤተ ሙከራ ግን በቅጡ አልተከተላቸውም። ፊንላንድ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1977 ከሰሜን ወደ ደቡብ እየወረደች፣ ልጆችን በ11 ዓመታቸው የሚለያየውን ሥርዓት አፍርሳ የ9 ዓመት አንድ ትምህርት ቤት አቆመች። ከዚያ በኋላ ቀለም የመረጠውም ሙያ የመረጠውም ከፍተኛ ትምህርት ለመግባት ማመልከት ይችላል። በ1979 ደግሞ ለመምህርነት ሁለተኛ ዲግሪ ጠየቀች፤ የለውጧ አከርካሪ ይኸኛው ይመስለናል። ጀርመን ግን ዛሬም በአብዛኛው ክፍለ ግዛቶቿ ከ4ኛ ክፍል በኋላ ትለያቸዋለች።

ለልጅዎ፣ የ10ኛው ፈተና ከአገር ቢቀር ከቤትዎ አይቅር። 9ኛ ሲያልቅ፣ 10ኛም ሲያልቅ፣ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ መጻሕፍቷ ከየምዕራፉ መጨረሻ አምስት አምስት ጥያቄ አውጡና አደባልቁት። መጽሐፉ ተዘግቶ፣ ሰዓት ተይዞ ትሥራው። ከዚያ የሳተችውን ለሁለት ይክፈሉ፦ ትምህርቱን ያላወቀችው፣ እና ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ያልገባት። ሁለተኛው ከበዛ ሒሳብ ማስጠናቱ ብቻውን አያድናትም፤ በየቀኑ አንድ ገጽ ማንበብና ያነበበችውን በራሷ ቃል መንገር ይቅደም። «ከክፍሏ 3ኛ ወጣች» መባሉ አያዘናጋዎ፤ ደረጃ ከጎኗ ከተቀመጡት ጋር ብቻ ነው የሚያስተያያት። አማካይ ውጤትም የሒሳብን 48 በሌላ ትምህርት 90 ይሸፍናል።

ጥያቄ፤ አንዲት እናት፣ ከማራኪ

«እስራኤል ያለው የእህቴ ልጅ 'ሒሳብ ባለ 5 ነኝ' ይለኛል። ከአምስት አምስት ማምጣቱ ነው? ከእኛ 12ኛ ጋር እንዴት ይነጻጸራል?»

መልስ

ውጤቱን አይደለም የነገረዎት፤ የትምህርቱን ክብደት ነው። በእስራኤል የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው «ባግሩት» ይባላል። እያንዳንዱ ትምህርት በ«ዩኒት» ይመዘናል፤ አንዱ ዩኒት 90 የትምህርት ሰዓት ያህል ነው። ሒሳብ በ3፣ በ4 ወይም በ5 ዩኒት ይወሰዳል፤ 5 ከባዱ ነው። ሙሉ ምስክር ወረቀት ቢያንስ 21 ዩኒት ይጠይቃል፣ ከትምህርቶቹም ቢያንስ አንዱ ባለ 5 መሆን አለበት። ውጤቱ ለብቻው ከ100 ይሰጣል፤ ስለዚህ «በስንት አለፍህ?» ብለው ደግመው ይጠይቁት።

ከእኛ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የእኛ 12ኛ ሁሉንም ደምሮ ግማሹን ይጠይቃል፤ በፊዚክስ የወረደ በባዮሎጂ ሊክስ ይችላል። ባግሩት ግን በአብዛኛው ግዴታ የሆነውን ትምህርት አንድ በአንድ ማለፍ ይጠይቃል፤ የወደቀም ያንኑ ብቻ ደግሞ ሊፈተን ይችላል። ለጎንደር ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፦ በአብነት ትምህርት ቤትም ንባቡን ያላደላደለ፣ ዳዊት ያልደገመ ልጅ፣ ድምፁ ቢያምር እንኳ ወደ ዜማው አይሻገርም። የዜማው ተሰጥኦ የንባቡን ጉድለት አይሞላለትም።

ልጁ 12ኛን ጨርሶ ወዲያው ዩኒቨርሲቲ ባይገባ አይደንግጡ። እዚያ አብዛኛው ወጣት መጀመሪያ የውትድርና አገልግሎቱን ይፈጽማል።

ጥያቄ፤ ከአራዳ

«ልጄን ይዤ ናይሮቢ ልገባ ነው። ምን ወረቀት ልያዝ?»

መልስ

የየዓመቱን ውጤት የሚያሳይ፣ ማኅተም ያረፈበት ትራንስክሪፕት ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ፣ መሸኛ ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት ይያዙ። ብዙ ሰው የሚቸገረው በዘመን አቆጣጠር ነው። በ2008 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ወረቀቱ ላይ «2008» ብቻ ከተጻፈ፣ እዚያ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት አርጅቶ ይነበባል፤ ክፍሉም ለዕድሜው ዝቅተኛ ይመስላል። እያንዳንዱ ቀን በእ.ኤ.አ. ተለውጦ እንዲጻፍ እዚሁ ሳሉ ያስደርጉ። የኬንያ የትምህርት ዓመት የሚጀምረው በጥር ስለሆነ፣ የእኛን ዓመት ሰኔ ላይ ጨርሶ የሚሄድ ልጅ እዚያ ዓመቱ ተጋምሶ ይደርሳል። ትምህርት ቤቱ የመመደቢያ ፈተና ሊሰጠው ይችላልና ክፍሉን ሳያረጋግጡ ክፍያ አይፈጽሙ።