ሐይቁን በመኪና መስኮት ብቻ ለምታዩ

ሲያትል ከገባሁ 26 ዓመቴ ነው። 19ኙን ሌሊት ሌሊት ታክሲ ነድቻለሁ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ደንበኛ አድርሼ ስመለስ በሌክ ዋሽንግተን ዳር አልፋለሁ። በብርዱ ወራት ጨለማው ድቅድቅ ነው፤ ውሃው ላይ ግን ቀይና አረንጓዴ መብራት ይንቀሳቀሳል። ጀልባ የሚቀዝፉ ሰዎች ናቸው። «ፈረንጅ እንቅልፍ እንኳ አይወድም» እያልኩ አልፍ ነበር። ምነው አንድ ቀን ቆሜ በጠየቅኩ።

1. ወረቀቱ

ቀዘፋ ለመማር ፎርም ትሞላላችሁ፣ አደጋ ቢደርስ ኃላፊነቱ የእኔ ነው ብላችሁ ትፈርማላችሁ፣ ትከፍላላችሁ። ገቢያችሁ ዝቅ ያለ ከሆነ የክፍያ ድጋፍ ጠይቁ፤ አትፈሩ። አለቀ።

2. «የነሱ ስፖርት ነው» ለምትሉ

የማውንት ቤከር የቀዘፋ ማዕከል ሬኒየር አቬኑ ካሉት ምግብ ቤቶቻችን በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። የከተማው ፓርኮች መሥሪያ ቤት ነው የሚያስተዳድረው። ግሪን ሌክ ላይም አለ። የእናንተው ታክስ ነው። ተማሪውንም፣ ጎልማሳውንም፣ መቅዘፊያ በእጁ ነክቶ የማያውቀውንም ያስተምራሉ፤ ዓመቱን ሙሉ። የሀብታም ጨዋታ ነው አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1936 በርሊን ኦሎምፒክ ላይ ወርቅ የወሰዱት የዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ቀዛፊዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው የእንጨት ቆራጭና የገበሬ ልጆች ነበሩ።

«ልጄ አጭር ናት» ትላላችሁ ደግሞ። ስምንት ሰው የሚቀዝፈው ጀልባ ላይ ዘጠነኛ ሰው አለ፤ ኮክስ ይሉታል። ቀዛፊዎቹ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ስለሚሄዱ ፊት ለፊት የሚያየውም፣ የሚያዘውም እሱ ነው። ቀለል ያለ ሰው ይመረጣል፤ ድምፁ ግን መሰማት አለበት። በየቤታችን ወንድሟ ላይ ስትጮህ የምትውል ስንት ኮክስ አለች!

3. ፍርሃታችን

ያደግኩት ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ክረምት ሲሞላ እናቴ በር ላይ ቆማ «ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው» ትለን ነበር። እውነቷን ነው። እዚህ ግን ልጁ ጀልባ ላይ ሳይወጣ ዋናውና መንሳፈፉ ይፈተናል፤ አሰልጣኙ በሞተር ጀልባ ይከተላል። ይህን ለማወቅ አንድ ስልክ መደወል ይበቃ ነበር።

አልደወልኩም። ልጄ 14 ዓመቷ ሳለ ፎርሙን ይዛ መጣች። ፍሪጁ ላይ በማግኔት ለጠፈችው። «አባዬ፣ እዚህ ጋ ብቻ ነው የምትፈርመው» አለችኝ። እንቢ ብላት ይሻል ነበር። «አየዋለሁ» አልኳት። ወተት ላወጣ ፍሪጁን በከፈትኩ ቁጥር አየዋለሁ። ቀኑ አለፈ። ራሷ አውርዳ ጣለችው፤ ትንፍሽ አላለችም።

ፍርሃት ብቻ ነበር ብል እዋሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ማድረስና መመለስ ነበረበት፤ ቅዳሜ ደግሞ ገበያ አለ። የቅዳሜዎቼ ገንዘብ አያት ሰፈር ፎቅ ቤት ሆነ። ዛሬ ዘበኛው ይኖርበታል። ጥሩ ሰው ነው። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለሴት ቀዛፊዎች ስኮላርሺፕ እንደሚሰጡ የሰማሁት ልጄ የትምህርት ብድሯን መክፈል ስትጀምር ነው።

እናንተም ያው ናችሁ፤ አያችኋለሁ። ቅዳሜን ሙሉ ልጁን ከታብሌት ጋር ቆልፋችሁበት ትወጣላችሁ። ማታ «አማርኛ ጠፋው፣ አያናግረንም» ብላችሁ ቡና ላይ ታለቅሳላችሁ። መቼ አብራችሁት ዋላችሁና ምን ያናግራችሁ? ማድረስና መመለሱ እኮ ነው ወሬው! መኪና ውስጥ ሃያ ደቂቃ፣ እርጥብ ካልሲ፣ ርቦት። ያኔ ነው ልጅ የሚያወራው።

ባለፈው መስከረም፣ በ58 ዓመቴ፣ ጀማሪዎች ክፍል ገባሁ። መጀመሪያ የቀዘፋ መለማመጃ ማሽን ላይ አስቀመጡን። ጉልበቱ ከክንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መቀመጫው ይንሸራተታል፣ የሚገፋው እግር ነው። የታክሲ እግሬ ተንቀጠቀጠ። በሁለተኛው ሳምንት መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ፎቶ አንስቼ ሌላ ከተማ ላለችው ልጄ ላክሁላት።

ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን በእንግሊዝ ፊደል፣ በአማርኛ መለሰችልኝ፦ «ማን ፈረመልህ?»