ልጆቼ፣ አፈሩንም ጠይቁት

በጎጃም የውሃ ናሙና ስመረምር ነው ፀጉሬ የሸበተው። ገና ማይክሮስኮፕ መንካት ለጀመራችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ባክቴሪያ ሲዋኝ መጀመሪያ ያየሁት መስታወት ላይ በጣልኳት አንዲት ጠብታ ውስጥ ነው። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ ርዝመቱ 2 ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ) ገደማ ነው። በሰከንድ ግን ከ20 እስከ 30 ማይክሮሜትር ይጓዛል። ጅራት መሰል ክሮቹ አንድ ላይ ተጠምረው ሲሽከረከሩ ቀጥ ብሎ ይሮጣል። ጥምሩ ሲፈታ ባለበት ይገለባበጥና ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነሳል። ተመራማሪዎቹ ሃዋርድ በርግና ዳግላስ ብራውን ይህን ሩጫና መገለባበጥ እ.ኤ.አ. በ1972 አንድ በአንድ ተከታትለው አሳይተዋል። እኔም በጣም ወደድኩት። አፈር ውስጥም እንደዚሁ የሚሮጥ መሰለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎቹ ታፖሞይ ባታቻርጂና ሱጂት ዳታ እንደ አፈር ክፍተት እንዲኖራቸው ብርሃን የሚያሳልፉ የጄል ፍርፋሪዎችን ጠቅጥቀው ባክቴሪያውን በመካከላቸው አዩት። ሩጫ የለም! ጠባብ ቦታ ሲገባ ይያዛል። እየዞረ መውጫ ይፈልጋል፤ ሲያገኝ ሾልኮ ወደሚቀጥለው ክፍተት ይዘላል፤ እዚያም ይያዛል። ስለዚህ ምን ያህል እንደሚርቅ ለማወቅ ጉልበቱን ብቻ ማየት አይበቃም፤ የክፍተቶቹ መጠንና አሠራር ወሳኝ ነው።

ይህን ሳነብ አንድ የቆየ ጉዳይ ትዝ አለኝ። በዋልካ መሬት የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ነበር። በበጋ ቀድቼ መረመርኩት፤ ንጹሕ ነው። «ዋልካ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ሽንት ቤቱም ሩቅ ነው፣ አትስጉ» አልኩ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ መሬት እኮ በሚያዝያ ተሰንጥቆ እግር ይውጣል» አሉኝ። ሰማኋቸው፤ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። ሰኔ ላይ ዝናቡ በዚያ ስንጥቅ ገባ። ባክቴሪያው መዋኘት እንኳ አላስፈለገውም፤ ጎርፉ ተሸክሞ ወሰደው። ልጆች ታመሙ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ናሙና ስትቀዱ አፈሩን በእጃችሁ አፍርሱት። በበጋም በሰኔም ሂዱ። መሬቱ የት እንደሚሰነጠቅ ባለቤቱን ጠይቁ፤ መልሱንም ከቁጥሩ ጎን ጻፉት፤ እኔ ያልጻፍኩት እሱን ነው።

ደግሞ ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይምሰላችሁ። ባቄላ ሥሩ በሚያመነጨው ነገር ወዳጁን ይጠራል። በነሐሴ አንድ ባቄላ ከነአፈሩ ነቅላችሁ ሥሩ ላይ ያለችውን እብጠት ሰንጥቁ። ውስጧ ሮዝ ከሆነ ሥራ ላይ ናት፤ ከአየር ናይትሮጅን ወስዳ ተክሉን እየመገበች ነው። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ወደ ሥሩ የደረሱት በዚያው በአፈሩ ክፍተት ነው።