ግቢ ገዝቶ ማከራየት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ጥያቄ፦ ያጠራቀምኩትን ገንዘብ የሚከራይ ቤት ልገዛበት አስቤያለሁ። አባይ ማዶ ስድስት ሰርቪስ ክፍሎች ያሉት ግቢ በ3.5 ሚሊዮን ብር ቀርቦልኛል። አንዱ ክፍል በወር 3,500 ብር ይከራያል። ደላላው «በዚህ ዋጋ አይገኝም፣ ዛሬውኑ ቀብድ ጣይ» እያለ ያጣድፈኛል። ልግዛው?
(የመንግሥት ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ቀብዱን ያቆዩት፤ መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራ። ስድስቱም ክፍሎች ዓመቱን ሙሉ ቢያዙ ኪራዩ 252,000 ብር ነው። ግን ተከራይ ይወጣል፣ ካምፓስ ሲዘጋ ክፍል ባዶ ያድራል። ስለዚህ በ10 ወር ያስሉት፤ 210,000 ይሆናል። ከዚያ ላይ የኪራይ ገቢ ግብር፣ የቀለምና የቧንቧ ጥገና፣ የሽንት ቤት ማስመጠጫ አለ። ለእነዚህ 45,000 ብንይዝ እጅዎ ላይ የሚቀረው 165,000 ብር ነው፤ ከዋጋው 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ይኸው ገንዘብ በ7 በመቶ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ፣ ከወለዱ ግብር በፊት 245,000 ብር ያስገኛል። የቤት ዋጋ ይጨምራል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው። ነገር ግን ጭማሪው የሚገኘው ቤቱ ሲሸጥ ነው፤ የየወሩን ወጪ አይሸፍንም። ኪራዩ ራሱ 7 በመቶ እንዲያስገባልዎ ከፈለጉ የዚህ ግቢ ዋጋ 2.4 ሚሊዮን አካባቢ መውረድ አለበት፤ አለዚያ ተጨማሪ ክፍሎች የሚሠሩበት ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። የኪራዩንም መጠን ከደላላው አፍ አይውሰዱ። ተከራዮቹን ራሳቸውን ይጠይቁ፣ የጎረቤት ግቢዎችንም ያነጻጽሩ።

ሒሳቡ ቢያዋጣ እንኳ አፈሩን ይመርምሩ። በከተማችን በባሕር ዳር ብዙ ሰፈር ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ግድግዳው ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ይተረተራል። ሻጭ ይህን በልስንና በአዲስ ቀለም ስለሚሸፍነው እጅዎን በማዕዘኖቹ ላይ ያሳልፉ፤ የተደፈነ ስንጥቅ በጣት ይታወቃል። ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ተላልጦ ነጭ የጨው ዱቄት ከታየ፣ እርጥበት ከመሬት እየተሳበ ነው፤ ቀለም አያድነውም።

ከሁሉ የሚብሰው የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ወደ ጣናና ወደ አባይ በተጠጋው ዝቅተኛ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ፣ ነሐሴ ላይ ጉድጓዱ ከታች በሚገባ ውኃ ይሞላል። ሚያዝያ ላይ ያየ ሰው ችግሩን አያየውም። ተከራዮቹን «በክረምት ስንት ጊዜ ይመጠጣል?» ብለው ይጠይቁ። ግቢው የጉድጓድ ውኃ የሚጠቀም ከሆነም የሁለቱን ጉድጓዶች ርቀት ይለኩ፤ ከ30 ሜትር ያነሰ ከሆነ ውኃው ለመጠጥ እንደማይሆን ይቁጠሩት። መብራቱንም አይርሱ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር ስለሚወደድ፣ ስድስት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ሒሳቡ ይንራል፤ ጠቡም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ያለው ወንድሜ ፋሲሎ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት እንድገዛለት ገንዘብ ልኳል። የሚሸጥልን የባለቤቱ ወኪል ነው። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡት። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ብቻ ከሆነ ለመሸጥ አያበቃም፤ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ከዚያ የሰጠው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄደው አለመሻሩን ያጣሩ፤ ወካዩ ከሞተም ሥልጣኑ ያበቃል። ባለቤቱ ባለትዳር ከሆነና ቤቱ የጋራ ከሆነ የሁለቱም ባልና ሚስት ፈቃድ የግድ ነው። በዚህ ጉድለት የሚፈርሱ ሽያጮች ያሳዝናሉ።

ካርታውን በፎቶ አይቶ ማመን አይገባም። ቅጂውን ይዘው መሬት አስተዳደር ይሂዱና ስሙን፣ ስፋቱን፣ ሊዝ ወይም ነባር ይዞታ መሆኑን፣ ያልተከፈለ ሊዝ፣ የባንክ ዕዳና የፍርድ ቤት እገዳ መኖር አለመኖሩን ከፋይሉ ያረጋግጡ። ቦታውንም በሜትር ይለኩት፤ አጥሩ ከካርታው ከሰፋ ትርፉ የእናንተ አይሆንም። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ፊት ይመዝገብ። የስም ማዛወሪያ ግብርና የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ፋይሉ ሳይጣራ አንድ ብርም አይስጡ።

ጥያቄ፦ ባንክ በሐራጅ የሚሸጣቸው ቤቶች ያዋጣሉ?

መልስ፦ ትዕግሥት ላለው ያዋጣሉ። ማስታወቂያዎቹን በአማራ ክልል በሚታተመው በኩር ጋዜጣ ላይ ይከታተሉ። ብዙውን ጊዜ የመነሻ ዋጋው አንድ አራተኛ በሲፒኦ (ባንክ ክፍያውን በሚያረጋግጥበት የክፍያ ማዘዣ) ይያዛል፤ አሸናፊ ቀሪውን በአጭር ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ካልከፈለ ያስያዘውን ያጣል። ገንዘብዎ ዝግጁ ካልሆነ አይግቡ። ቤቱን አስቀድመው ይጎብኙ፤ ውስጡ ሰው ካለ ማን እንደሚያስለቅቅ ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከተከራይ የስድስት ወር ቅድሚያ መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። ክፍያው በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይፈጸማል። በክልል ከተሞች የት የት እንደሚሠራበት የሚወስነው ክልሉ ስለሆነ፣ ውል ከመፈራረማችሁ በፊት ክፍለ ከተማችሁን ጠይቁ።