ስለ ግጦሽና ስለ ፓርክ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

ሰላም ናችሁ፣ ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ የተማርኩትም የምሰራበትም የግጦሽ መሬት አያያዝ ነው። ስለ ሰንቀሌና አብጃታ ሻላ የዱር እንስሳት ጥብቅ ቦታዎች ወሬ በተነሳ ቁጥር ሰው "ከብት ይውጣ" እና "ሰው ምን ይብላ" እያለ ለሁለት ይከፈላል፣ እስቲ ረጋ ብለን እንነጋገር።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከብቱ ጠቅላላ ከፓርኩ ቢወጣ አይገላግልም?

መልስ፦ አይገላግልም። አጄ አጠገብ ያለው ሰንቀሌ የተከለለው ቆርኬ ለሚባለው የዱር እንስሳ ነው፣ ይሄኛው የቆርኬ ዘር ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጪ የለም፣ እንደ ከብት ሳር በል ስለሆነ ከብት ሲበዛ ምግቡን ነው የሚሻሙት፣ ይሄን አልክድም። ግን በአንድ ቀን ውጡ ብትል ከብቱ አይተንም እኮ፣ ቀሪው የወል መሬት ላይ ይከመርና እሱን ጨርሶ ማታ ማታ ተመልሶ ይገባል። ደሞ ለዓመታት ያልተነካ ሳር ደርቆ ይከመርና አዲሱን ቡቃያ ያፍነዋል። ቦረና ላይ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ፣ ያረጀውን ሳርና ቁጥቋጦ የሚያጠራው የሳር ቃጠሎ ከተከለከለ በኋላ ቁጥቋጦ ሜዳውን እንዴት እንደወረሰው የሽማግሌዎቹን ያህል የሚያውቅ የለም።

ጥያቄ፦ አንድ ሄክታር ስንት ከብት ይችላል?

መልስ፦ እንደ ዝናቡ ነው። 250 ኪሎ የሚመዝን ከብት በቀን 6 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ይበላል፣ በዓመት ከ2 ቶን ያልፋል። ሄክታሩ 2 ቶን ሳር ቢሰጥ ግማሹን ለመሬቱ ትተዋለህ፣ ስለዚህ ለአንድ ከብት ብቻ ከ2 ሄክታር በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው። ይሄን ስነግራቸው ብዙዎች ይደነግጣሉ።

ጥያቄ፦ እና መፍትሄው ቁጥር መቀነስ ነዋ?

መልስ፦ ቁጥሩም አለ፣ እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚያንገበግበኝ ጊዜው ነው። ሳር በበጋ የሚኖረው ስሩ ላይ ባጠራቀመው ነው፣ ዝናብ ጠብ ሲል ያንን አውጥቶ ነው የሚያቆጠቁጠው፣ ልክ በዛ ሰዓት ከተጋጠ ስሩ ባዶ ይቀራል፣ በየዓመቱ ከተደገመ ይሞታል፣ ቦታውን አረምና እሾህ ይይዘዋል። እኛ ጋ ደሞ የበልግ ዝናብ እንደጣለ ነው ሁሉም በሩጫ የሚያሰማራው! የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ብቻ ብናሳርፈውና ከመሬቱ ከፊሉን በየተራ ዘር እስኪያፈራ ብንተወው ከብት ሳይሸጥ ብዙ ለውጥ ይመጣል። ቦረናዎች ይሄን ድሮም ያውቁታል፣ የሚታለበውን መንደር አካባቢ ያስቀሩና ሌላውን ፎራ ብለው ሩቅ ይልኩታል፣ ለጥጃና ለደካማ ከብት ደሞ ካሎ የሚባል የግጦሽ ቦታ ይከልላሉ። ተራውን የሚያከብረው ግን መጀመሪያ ሲወሰን የነበረበት ሰው ነው፣ ቢሮ ተወስኖ የመጣ ክልከላ ጥበቃው ዞር ሲል ይፈርሳል።

ጥያቄ፦ አርብቶ አደሩን የሚደግፍ ህግ አለ?

መልስ፦ አለ። የ1987ቱ ህገ መንግስት አንቀጽ 40 ንኡስ 5፣ የግጦሽ መሬት በነጻ የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት ይሰጣል። መሬቱ ግን የመንግስትና የህዝብ ነው፣ የግል ንብረት አይሆንም።

ጥያቄ፦ አፋር ላይ ፕሮሶፒስ የሚባለውን ወራሪ እሾሃማ ዛፍ ፍየል በልቶ አይጨርሰውም?

መልስ፦ በፍጹም፣ እንደውም ያስፋፋዋል። ፍሬው ይጣፍጣቸዋል፣ ዘሩ ግን ሆዳቸው ውስጥ አይፈጭም፣ በሄዱበት ከፋንድያ ጋር ይዘሩታል። ፍሬውን ለቅሞ፣ ዘሩ እስኪደቅ ፈጭቶ ማብላት ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ እኔ ሁለት ላም አለኝ፣ ሐይቁ ዳር ነው የማሰማራው፣ ምን ላድርግ እህትህ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዳሩ ላይ ያለው ሳርና ደንገል ከላይ የሚመጣውን ደለል የሚያስቀረው እሱ ነው፣ ሲረገጥ አፈሩ ቀጥታ ሐይቅ ይገባል። ለሁለት ላም አጭዶ ማብላት ያዋጣሻል፣ አጥር ስር ዝሆን ሳር ትከይ፣ በመኸር ገለባ ርካሽ ሳለ ግዢና ከዝናብ ከልይው፣ ፋጉሎ ደሞ ለምትታለበዋ ቅድሚያ ስጪ። ማሰማራት ግድ ከሆነብሽ መሬቱ ጭቃ በሆነበት ሰሞን አታውጫቸው፣ የዛን ጊዜ ነው ዳሩ በጣም የሚጎዳው።